እናኑ ብቻዋን የተቀመጠችበት ገጽ

በደል ተፈጽሟልና ይመዝገብልኝ። ልጆቹ ኮሚክስ የሚሉት በሥዕል የሚነገር አንድ መጽሐፍ አለ። ስለ እኛ ስደት የተሠራ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሕዝቤ ልጇን የቀበረችን እናት ሜዳ ላይ ትቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ ይታያል። መጽሐፉ በየትምህርት ቤቱ ገብቷል። የልጅ ልጄም አንብባዋለች። ያን ገጽ ያጠፍኩት፣ በክር የሰፋሁት፣ ሙጫ የቀባሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስሜ ትርንጎ ነው። ሐደራ ከተማ፣ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር እኖራለሁ። በከተማው ዳር፣ በኢንዱስትሪው ሰፈር ካለ አንድ ማተሚያ ቤት፣ ከጥረዛ ክፍል ነው ጡረታ የወጣሁት። ትምህርቴ አጭር ነው። የአማርኛውን ፊደል ወንድሜ በሀገር ቤት መሬት ላይ በእንጨት እየጫረ አስቆጠረኝ፤ ዕብራይስጡን እዚህ ጥቂት ወራት ተቀምጬ ተማርኩ፣ ሳላጠናቅቀው ሥራ ገባሁ። ስለዚህ አሳምሬ አልጽፍም። የሆነውን እጽፋለሁ።

ማተሚያ ቤቱ የገባሁት በጠራጊነት ነው። በሱዳን በኩል መጥተን ጥቂት ዓመት እንደ ኖርን ልጄ ወታደር ሆነ፤ እኔም ባዶ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ሥራዬ ከመቁረጫው መኪና ሥር የሚወድቀውን የወረቀት ቅዳጅ መሰብሰብ ነበር። ወረቀት ልስልስ ይመስላል፤ ጠርዙ ግን ምላጭ ነው። መቁረጫው ላይ ለቆሙት ወንዶች ጓንት ይሰጣል፣ ለእኛ ለጠራጊዎቹ የለም። የባለቤቱ ልጅ ጋዲ አለቃችን ነበር። ሄጄ ጓንት ስጠይቀው ሳቀ።

«መጥረጊያ ለመያዝ ጓንት ምን ያደርግልሻል?» አለኝ።

እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። «ይህ ደም የመጥረጊያው ነው?» አልኩት።

በማግሥቱ ጓንቱ መጣ። ደመወዙ እንደ ደመወዝ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ይህን ንግግር አንድ ሽማግሌ ቆመው ሰምተዋል። ሽሙኤል ይባላሉ፤ የጥረዛ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። በልጅነታቸው ከሮማንያ በመርከብ የመጡ ናቸው። «መጥረጊያውን አስቀምጪና ነይ» አሉኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አጠገባቸው ቆምኩ። በዕብራይስጥ ትንሹም ትልቁም አንተና አንቺ ነው የሚባባለው። ፊት ለፊት ልላቸው ያልቻልኩትን እዚህ ስጽፍ አንቱ እላቸዋለሁ።

የጥረዛ ሥራ ለማያውቀው እንዲህ ነው። ከማተሚያው የሚመጣው ትልቅ ሉክ ነው። በአንዱ ሉክ ላይ ብዙ ገጽ አለ፤ ገጾቹ ግን በተራ አልተቀመጡም። አንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጎረቤቱ ተዘቅዝቋል። ሕፃኑ የተወለደበትና አርጅቶ የሞተበት ገጽ ጎን ለጎን ተኝተው ታያለህ። በትክክል ሲታጠፍ ነው ሁሉም ቦታ ቦታውን የሚይዘው። ሽሙኤል ማንኛውንም ወረቀት ከማጠፋቸው በፊት ከጠርዙ ትንሽ ቀደው በምላሳቸው ያረጥቡና ወደየት እንደሚጠቀለል ያዩ ነበር። ወረቀትም እንደ እንጨት የራሱ አቅጣጫ አለው። በአቅጣጫው ካጠፍከው ይታዘዛል፤ አለዚያ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። እጥፋቱን የሚጫኑት ከበሬ አጥንት በተሠራች ጠፍጣፋ ማጠፊያ ነው። በአውራ ጣቴ ስጫን ካዩ እጄን በማጠፊያዋ መታ ያደርጉኝ ነበር። ጣት ላብ አለው፤ ላብ ቀለም ያበላሻል።

የታጠፉት ክፍሎች ተደራርበው ከመሰፋታቸው በፊት ደግሞ በጀርባቸው በኩል ይታያሉ። በእያንዳንዱ ክፍል ጀርባ ላይ ትንሽ ጥቁር ምልክት አለች፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ዝቅ እያለች እንደ ደረጃ ትወርዳለች። አንዲት ክፍል ከተዘለለች ወይም ከተደገመች ደረጃው ይሰበራል። ሽሙኤል ክምሩን በጎን አጋድመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩትና ወይ ይወስዱታል፣ ወይ ፊቴ መልሰው ያስቀምጡታል። ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። ሰነፍ ብለውኝም አያውቁም። ምሳቸውን ቆመው ነበር የሚበሉት።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ሳያነቡ አያጥፉም። የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ የሚገባውን ወረቀት እንኳ ቆመው ያነቡታል። መቁረጫው ላይ ያሉት ልጆች ይቀልዱባቸው ነበር።

«ሽሙኤል፣ ይህንንም ታነበዋለህ?»

«አነበዋለሁ። ካነበብኩት ጀምሮ በሽታው ሁሉ አለብኝ» ይላሉ፣ ሳይስቁ።

አንድ ጊዜ የጸሎት መጻሕፍት ሠርተን ጨርሰን፣ የሐዘንተኞች ጸሎት ያለበት ክፍል በጥቂቶቹ ላይ ተዘቅዝቆ ተሰፍቶ ተገኘ። ጋዲ ጥቂት ስለሆኑ ይሂዱ አለ። ሽሙኤል መቀስ አምጥተው ክሩን ይፈቱ ጀመር፤ እኔም አብሬ ፈታሁ። መርፌ ካስያዘችኝ ከእናቴ በኋላ እንደዚያ ዝም ብሎ ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። ማንበብ ለእኔ ከባድ ስለ ነበር፣ እኔ የሳቸውን ልማድ በሥዕል ያዝኩት። የማጥፈው ሉክ ላይ ሥዕል ካለ ሳላየው አላጥፈውም።

ያ መጽሐፍ የመጣው ሥራውን ከለመድኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሉኩን ስዘረጋው ተራራችንን አየሁ። ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌዎች፣ በሌሊት የሚሄድ ረጅም ሰልፍ። ደስ አለኝ። አብረውኝ የሚሠሩትን ጠርቼ «ኑ እዩ፤ ይህ የኛ መንገድ ነው» አልኳቸው። በኋላ ግን ቀስ ብዬ ፊቶቹን ማየት ጀመርኩ። አውሮፕላኑን የሚነዳው ሰው ጺም አለው። ሐኪሙ መነጽር አለው፤ ግንባሩ ላይ የላብ ነጥብ አለ። የእኛ ሰዎች ግን ሁሉም አንድ ፊት ናቸው፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ ከዚያ በታች ምንም።

ሁለተኛውን ሉክ ስገለብጥ ያ ገጽ ተዘቅዝቆ ተኝቷል። ዞሬ አየሁት። አንዲት ሴት ሜዳ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ፊቷ መሬት ላይ ሳህን አለ። ሰዎቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተው እየሄዱ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሥዕል ላይ ልጇ በኩታ ተጠቅልሏል፤ የኩታው ጥግ ተቃጥሏል። ኩታዋን አወቅኳት። እናኑ ናት።

ጽሑፉን ሽሙኤልን አስነበብኳቸው። «ሁሉም ትተዋት ሄዱ፣ ይላል» አሉኝ።

እውነቱ እንዲህ ነበር። በእኛ ልማድ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይሰነብታል። ከመንደሩ ወጣ ብሎ ይቀመጣል፤ ምግቡ ይወሰድለታል፤ ማንም አይነካውም። በሰባተኛው ቀን ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ሲመሽ ይገባል። ሀገር ቤት ጎረቤቶቻችን በዚህና በመሰለው «አትንኩኝ» እያሉ ያሾፉብን ነበር። ለእኛ ግን መለየቱ ጥላቻ አይደለም። ያ ሰው በሁላችን ፈንታ ሞትን ነክቷል፤ እስኪነጻ እንጠብቀዋለን። ኦሪቱም ቄሶቻችንም የሚሉት ይህንን ነው።

ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ አጠገብ፣ በስደተኞች ሰፈር ሳለን የእናኑ ልጅ በተቅማጥ ሞተ። ባሏ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር። ልጁን ራሷ አጠበችው፣ ጥጉ በተቃጠለው በአባቱ ኩታ ራሷ ጠቀለለችው። አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ ስለምንፈራ ጮኾ ማልቀስ አልነበረም፤ ሙሾ አልነበረም። ሁለት ወንዶች በጭለማ ወስደው ቀበሩት፤ እነሱም በበኩላቸው ተለዩ። እናኑ ከመጨረሻው ጎጆ ወዲያ፣ ከአንዲት የደረቀች ግራር ሥር ተቀመጠች። ጠዋት ጠዋት ምግቧን የማደርስላት እኔ ነበርኩ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጥና ወደ ኋላ እመለሳለሁ። እስክትበላ ቆሜ አያታለሁ። ሌሎቹም በየጎጇቸው ደጃፍ ቆመው ያዩዋታል። ጀርባውን የሰጣት አንድ ሰው አልነበረም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሸንጎ ፊት እናገረዋለሁ።

ከዚያ ወጥተን እዚህ ስንደርስ እናኑን ወደ ደቡብ ላኳት፣ እኛን ወደ ሐደራ። ከዚያ ወዲህ አልተያየንም። ገጹን ሳየው መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሷ ነው። ይህን ብታይ ቁስሏ ያመረቅዛል አልኩ።

ሉኩን ይዤ ጋዲ ዘንድ ሄድኩ።

«ትርንጎ፣ እኛ እናጥፋለን እንጂ አንጽፍም» አለኝ።

«ዳቦ ጋጋሪ ዱቄቱ ውስጥ ጠጠር ቢያይ ዝም ብሎ ይጋግራል?»

«ጠጠሩን ያስገባው ወፍጮው ነው። ሄደሽ ወፍጮውን ተጣዪ።»

«ወፍጮው የት ነው የሚኖረው?»

ሳቀና «ነገ ቀለሙን ልታይ ትመጣለች። እባክሽ አትብያት» አለኝ።

ሠዓሊዋ ኖዓ ትባላለች። ቀጭን፣ ጣቶቿ በቀለም የተበከሉ፣ ስትናገር ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሳያት ትንሽ በረድኩ። ሉኩን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት።

«ይህች አህያ ማን ናት?» አልኳት።

«አህያዋ? ዕቃ የምትሸከመዋ ናት።»

«ዓይኗ ያዝናል፣ አንድ ጆሮዋ ወድቋል፤ መንገድ ላይ ባገኛት አውቃታለሁ። የኔን ሰዎች ግን አላውቃቸውም። ሁሉም ከአንድ እንቁላል የተፈለፈሉ ናቸው።»

ኖዓ ፊቷ ቀላ። ሥዕሉን ረጅም ሰዓት አየችው። «አላስተዋልኩትም ነበር» አለች።

ከዚያ የእናኑን ገጽ አሳየኋት፤ ልማዱን ነገርኳት፣ ድንጋዩን ነገርኳት፣ በየደጃፉ መቆማችንን ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «እኔ የሣልኩት እንደ ነገረችኝ ነው» አለች።

«ማን?»

«ስሟን ላልናገር ቃል ገብቻለሁ።»

ሴት መሆኗን ከዚህ አወቅኩ። በሰፈሩ የነበሩትን ወሬኞች ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኳቸው፤ ሁለቱን ለዓመታት ሰላም ያላልኳቸው በዚሁ ነው። «ያች ሴትዮ ዋሽታሻለች» አልኳት። ኖዓ ሉኩን ወደ ራሷ ሳበችው። በመጨረሻ መጽሐፉ አሁን እንደማይቆም፣ ሁለተኛ ጊዜ ከታተመ ግን ፊቶቹንም ገጹንም እንደምታስተካክል ነገረችኝ። አመንኳት። ስትወጣ ሽሙኤል የአጥንቷን ማጠፊያ በእጄ አስያዙኝ። ሥራው ይጠብቀን ነበር፤ አጠፍኩት።

ያንኑ ዓመት መጽሐፉ በልጄ ልጅ በሺራ ክፍል ተነበበ። ሺራ እዚሁ የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ ከዕብራይስጥ ጋር የተቦካ ነው። ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ መጽሐፉን ጭኔ ላይ ከፈተችው።

«ሳብታ፣ ከነዚህ ጀርባቸውን ከሰጡት አንቺ የቷ ነሽ?» አለችኝ።

አያቴ ማለቷ ነው። አጠገቤ አስቀመጥኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ለሠዓሊዋ ከነገርኩት በላይ አድርጌ።

«እሺ፣ ግን አልነካችኋትም፣ አይደል?»

«አልነካናትም። ልማዱ ነው።»

«መምህሯ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር ብላ ጠየቀችን። ሁሉም እናቅፋታለን አሉ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔም አቅፋታለሁ አልኩ» አለች፤ መጽሐፉን ዘግታ ወጣች። ልጆቹ በዚያ ሰሞን ‹የእናንተ ሰዎች ሐዘንተኛ ይፈራሉ› እያሉ እንዳሾፉባት የሰማሁት ከእናቷ ነው፤ እሷ አልነገረችኝም።

ከዚያ በኋላ ሽሙኤል ሥራ አቆሙ። ዓይናቸው ደከመ፤ ጥቁሯን ምልክት ማየት ሲያቅታቸው ማንም ሳይጠይቃቸው ማጠፊያቸውን ለእኔ ትተው ወጡ። ወዲያውም ማጠፊያ መኪና ገባ። ሉክ ባንድ በኩል ይውጣል፣ በሌላው በኩል የታጠፈውን ይተፋል። ለእኔ የቀረልኝ መኪናው የሚያጨማድደው ወፍራም ወረቀትና የእጅ ስፌት ነበር።

ሁለተኛው እትም የመጣው ያኔ ነው። ኖዓ ቃሏን ጠብቃ ለሰዎቻችን ሁሉ የየራሳቸውን ፊት ሰጥታቸዋለች። ለረጅም ጊዜ እያየሁ ቆየሁ፤ አንዷ አክስቴን ትመስላለች። የእናኑን ገጽ ስገልጥ ግን ሌላ ነገር አየሁ። እናኑ መሐል ላይ ናት። ሴቶቹ በሙሉ አቅፈዋታል፤ አንዷ ጉንጯን ትስማለች። ከሥሩ ‹ብቻዋን አልተዉአትም› ይላል።

ጋዲ ቢሮ ሆኜ ለኖዓ ደወልኩላት።

«መጽሐፉን የሚያሳትሙት ልጆች መጽናናት አለባቸው አሉ» አለችኝ። «ማቀፉ ምን ክፋት አለው?»

«ክፋት የለውም፤ ውሸት ነው እንጂ። ከነዚህ እጆች አንዱ የእኔ ነው መባሉ ነው። የእኔ እጅ እዚያ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ልሣል? አልተዋችኋትም፤ አላቀፋችኋትም።»

«ርቀው የቆሙ፣ ፊታቸውን ወደ እሷ ያዞሩ ሰዎች ሣይ።»

«ልጅ ይህን ሲያይ ምን ይረዳል?» አለች። ስልኩን ዘጋሁት።

ለጋዲ ይህን ሉክ አላጥፍም አልኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «በሴደር፣ እሺ» አለና ሉኮቹን ወደ ማጠፊያው መኪና አስገፋቸው። የእኔ እንቢታ አንድ ገጽ አላዘገየም። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ታጥፎ አለቀ። በሥራ ዘመኔ የከበደኝ ሽንፈት ይህ ነው። አሁን ሁለት መጽሐፍ በየትምህርት ቤቱ አለ። በአንዱ ጨካኞች ነን፤ በሌላው ያልሆንነውን ሆነናል፤ ሁለተኛውን ያመጣው ደግሞ የእኔ ክርክር ነው።

አንዱን ሉክ ጠቅልዬ ናሕሊኤል ወደሚባለው ሰፈር፣ ሽሙኤል ቤት ሄድኩ። አልጋ ላይ ነበሩ። ማየት ስለማይችሉ ሥዕሉን በቃል ነገርኳቸው፤ እጃቸው ብርድ ልብሱን እያጠፈ እያስተካከለ ያዳምጡኝ ነበር።

«እኛንም ሥለውናል» አሉኝ። «መርከቡን፣ ወደቡን፣ የሚጨፍሩትን። እናቴ የሞተችው ከመርከቡ በፊት ነው፤ በጋሪ ላይ። ጋሪውን የሣለው የለም። የተሳሳተ ሥዕል ይሻላል ወይስ ምንም አለመኖሩ? ዕድሜዬን ሙሉ አላወቅኩትም። አንቺ ስታውቂ ንገሪኝ።»

ሳልነግራቸው ሞቱ። ለሐዘኑ ቤታቸው ሄድኩ። እዚህ ሀገር ሐዘንተኛው ሰባት ቀን ቤቱ ይቀመጣል፣ ሰውም ይጎርፋል። ከደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር፤ ልጃቸው ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እጄን የት እንደማደርገው አላወቅኩም። ከዚያ እኔም ያዝኳት።

ከሳቸው በኋላ ብዙ አልቆየሁም። ወደ ማሸጊያ አዛወሩኝ፤ ሣጥን ስሞላና ስዘጋ ውዬ ማታ እጄ የሠራውን አላየውም ነበር። ጡረታዬ ሲደርስ ጋዲ ኬክ አስመጣ፤ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ያለ አንቺ ጸጥ ልንል ነው» አለ።

«ጸጥታውን አትልመደው፤ እየመጣሁ አይሃለሁ» አልኩት።

ቤት በተቀመጥኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ኖዓ ጊቫት ኦልጋ ድረስ መጣች። ሦስተኛ እትም ሊወጣ ነው። ልጆቹ ይጽናኑ ያሉት ሰዎች ተቀይረዋል፤ አሁን ገጹ እንዴት ይሁን የሚለው በእሷ እጅ ነው። «አንቺ ያልሽውን ለመሣል ሞክሬአለሁ» አለችና አንድ ወረቀት አወጣች። ሰዎች በየደጃፋቸው ቆመዋል። ሁሉም ያቺን ሴት ያያሉ። ልክ እንደዚያ ነበር። አለቀስኩ።

«ሳላትመው ግን ለነገረችኝ ሴት ማሳየት አለብኝ» አለች። «ታሪኩ የእሷ ነው። ስለ አንቺ ስነግራት ስሜን ንገሪያት አለች። እናኑ ትባላለች።»

ለዓመታት ዋሽታለች ያልኳት፣ በእሷ ምክንያት ሁለት ሴቶችን ሰላም የነሣሁባት፣ ብታየው ያማታል ብዬ የፈራሁላት ራሷ ናት።

«ስጪኝ፣ እኔ ላሳያት» አልኩ።

አውቶቡስ ቀያይሬ ደቡብ ደረስኩ። እናኑ አርጅታለች፤ እኔም እንደዚያው። ደጃፏ ላይ ተሳሳምን፤ ጉልበቴን ስማ፣ ትከሻዋን ስሜ፣ ገብተን ተቀመጥን። እንጀራ አቀረበች። ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

«ይህ ነው እውነቱ» አልኳት። «እዪው። ይህች እኔ ነኝ። እስክትበይ ቆሜ አይሽ ነበር። ማንም ጀርባውን አልሰጠሽም፤ ልማዱ ነው ያቆመን። ልማዱን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ የቄስ ልጅ ነሽ። እንዴት ትተውኝ ሄዱ ብለሽ ትናገሪያለሽ? ልጆቻችን ይህን አንብበው አፈሩብን።»

እናኑ ሥዕሉን አነሣችው፤ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። የእያንዳንዱን ሰው ፊት በጣቷ ነካች። ከዚያ መልሳ አጠገቤ አስቀመጠችው።

«ልማዱን አውቃለሁ፤ አልነቅፋችሁም» አለች። «ትርንጌ፣ አንቺ ያየሽውን ነው የምትናገሪው። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ነበር። ፊታችሁ ወደየት እንደ ነበር በምን ልይ? እግራችሁ ሲመጣ እሰማለሁ፤ ሳህኑ ሲቀመጥ እሰማለሁ፤ እግራችሁ ሲመለስ እሰማለሁ። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። መንካት ክልክል ነው፤ እሺ። ጮኾ ማልቀስም ፈርተን ነው፤ እሺ። በዝግታ፣ ከሩቅ፣ ‹እናኑ፣ አለን› ማለት የከለከለ ማነው? ያን ሁሉ ቀን ጠበቅኩት። ለሠዓሊዋ ልጅ ንገሪልኝ፤ የፊተኛውን ሥዕል ትመልሰው።»